ለጭቃ የተወለደ መኪና፣ ለበረዶ የተወለደ መኪና፦ ፎርዊል ከመግዛታችሁ በፊት ታሪኩን አንብቡ



የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ርዕሱ መኪና ነው። «የታሪክ መምህርን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፣ እኔ መኪና የለኝም፤ በታክሲ ነው የምመላለሰው። ግን አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ ኅዳር በገባ ቁጥር በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ትልኩልኛላችሁ፦ «ቲቸር፣ ለበረዶም ለተራራ መንገድም የሚሆን ፎርዊል ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» ምናልባት ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሳስተምር ስለ ጂፕ ብዙ ስለማወራ ይሆናል።

እሺ፣ እንደለመድኩት በታሪክ ልመልስ። መኪና እንደ ሰው ነው፣ ያደገበት አገር ይታይበታል። አንዱ የተሠራው ለጦር ሜዳ፣ አንዱ ለእርሻ፣ አንዱ ደግሞ በረዶ ውስጥ ለሚሠራ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ነው። ያንን ሳታውቁ «የቱ ይሻላል» ማለት «በሬና በቅሎ የቱ ይሻላል» እንደማለት ነው። ለማረስ ነው ወይስ ለመሄድ?

(ዓመታቱን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ ካልሆነ እነግራችኋለሁ።)

1. ጂፕ፦ በ49 ቀን የተወለደው

ጊዜው ሐምሌ 1940 ነው። ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ከወደቀች ገና ጥቂት ሳምንቷ ነው። የአሜሪካ ጦር ፈረስንና ሞተር ሳይክልን የሚተካ፣ ትንሽና ቀላል፣ አራቱም ጎማው የሚጎትት መኪና ፈለገ። ለ135 ኩባንያዎች ጥሪ ላከ። የተሰጠው ጊዜ ግን ጉድ የሚያሰኝ ነበር፦ የመጀመሪያው ናሙና በ49 ቀን ውስጥ ይቅረብ። ክብደቱም ከ590 ኪሎ እንዳይበልጥ።

መልስ የሰጡት ሁለት ብቻ ናቸው፣ ባንታምና ዊሊስ። በ49 ቀን እናደርሳለን ያለው ደግሞ ባንታም ብቻ ነበር። ፔንሲልቬንያ ውስጥ በትለር በምትባል ከተማ የሚገኝ፣ ሊዘጋ የደረሰ ትንሽ ፋብሪካ ነው። ካርል ፕሮብስት የሚባል መሐንዲስ ጠርተው ንድፉን በጥቂት ቀናት ውስጥ አስጨረሱት። መኪናዋ ሴፕቴምበር 23 ቀን 1940 የቀነ ገደቡ ሰዓት ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀረው ሜሪላንድ ካለው የጦር ካምፕ ደረሰች። ክብደቷ ከታዘዘው በጣም በልጧል፤ ጦሩ ግን ወደዳት፣ የክብደቱንም ገደብ ከፍ አደረገው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባንታምን ያሳዝናል። ፋብሪካው ትንሽ ስለሆነ ለብዛት አይመጥንም ተብሎ ሥራው ለዊሊስና ለፎርድ ተሰጠ። በዊሊስ 60 የፈረስ ጉልበት ሞተር ጂፕ የምንላት መኪና ቅርጿን ያዘች። ጦርነቱ እስኪያልቅ 640,000 ገደማ ጂፕ ተሠራ። የባንታም ድርሻ 2,700 ያህል ብቻ ነው። የዘራው ሌላ፣ ያጨደው ሌላ።

እዚህ ላይ ግን ልብ በሉ፦ ይህች መኪና ችግር የምትፈታው እንዴት ነው? ከታች ጠንካራ ሻንሲ አላት፣ አካሏ ከላይ ተጭኖባታል። ባሌስትራ ላይ ትቀመጣለች። ሹፌሩ አጠገብ ከተለመደው የማርሽ እጀታ ሌላ ሁለት እጀታዎች አሉ፤ አንዱ የፊቱን ጎማ ከሞተሩ ጋር ያገናኛል፣ ሌላው ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል። ዝቅተኛ ማርሽ ማለት ሞተሩ በኃይል እየዞረ ጎማው ግን እንደ ኤሊ የሚሄድበት ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ይሰጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ሳይቃጠል መኪናውን ይዞ ያወርዳል። ሊማሊሞን የወረደ ሹፌር «በማርሽ ያዘው» ሲል ሰምታችሁ የለ? ነገሩ እሱው ነው፣ እጥፍ ሆኖ ነው እንጂ።

2. የጂፕ ልጆች፦ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር

ጦርነቱ ሲያልቅ ጂፕ በየአገሩ ተበትኖ ቀረ። ሞሪስ ዊልክስ የሚባል የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ዌልስ ውስጥ አንግልሲ ደሴት ላይ ባለው እርሻው ከጦሩ የተረፈ ጂፕ ይጠቀም ነበር። «ይቺ ብታረጅብኝ በምን እተካታለሁ?» የሚለው ጥያቄ ላንድሮቨርን ወለደ። መጀመሪያ ለሕዝብ የታየችው ኤፕሪል 30 ቀን 1948 አምስተርዳም ላይ ነው። በእንግሊዝ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አካሏን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሯት። የቸገረው ያደረገው ነገር ኋላ ላይ ዝና ሆነላት፣ አካሏ እንደ ብረት አይዝግማ!

ላንድክሩዘር ደግሞ የኮሪያ ጦርነት ልጅ ነው። ቶዮታ በ1950 ሊከስር አፋፍ ላይ ነበር፤ መሥራቹ ኪኢቺሮ ቶዮዳም በዚያው ዓመት ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ወዲያው ጦርነቱ ፈነዳና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና ትእዛዝ ኩባንያውን አተረፈው። በጥር 1951 ቶዮታ የጂፕ ዓይነት መኪና ሠርቶ ቢጄ አላት። በዚያው ዓመት ኢቺሮ ታይራ የሚባል የሙከራ ሹፌር ቢጄን ይዞ ፉጂ ተራራ ላይ እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጣ፤ ከዚያ በፊት መኪና እዚያ ደርሶ አያውቅም። ይህን ያየው የጃፓን ፖሊስ 289 መኪና አዘዘ። «ጂፕ» የሚለው ስም ባለቤት ስላለው በ1954 ስሙ ላንድክሩዘር ተባለ።

እዚህ ላይ የኛም ታሪክ ይገናኛል። ቢጄ ፉጂን በወጣችበት በዚያው በ1951፣ በእኛ 1943 ዓ.ም.፣ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ገብቶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ይዋጋ ነበር። አባቶቻችን የኮሪያን ብርድና በረዶ የቀመሱበት ጦርነትና ዛሬ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ የምታዩት መኪና የተወለደበት ጦርነት አንድ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራቸው ተማሪዎች የሚስቁት ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ታሪክ ነዋ!

እንግዲህ ጂፕ፣ ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ሻንሲ፣ ከፍታ፣ ዝቅተኛ ማርሽ። የተሠሩት መንገድ ለሌለበት ቦታ ነው።

3. በሬና ቀንበር፦ የድሮው ፎርዊል አስፋልት ላይ ለምን ይቸገራል?

ገጠር ያደጋችሁ ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። ጥማድ በሬ እያረሰ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር፣ በውስጥ በኩል ያለው በሬ ባለበት ይረግጣል፣ የውጩ ደግሞ ዙሪያውን ይሄዳል። የውጩ መንገድ ይረዝማል። መኪና ሲታጠፍም እንዲሁ ነው፦ የፊት ጎማዎች የሚሄዱት መንገድ ከኋላዎቹ ይረዝማል።

የድሮው ፎርዊል ሲገባ ግን የፊቱንና የኋላውን እኩል ዙሩ ብሎ ያስራቸዋል። ጭቃ ላይ ችግር የለም፤ ጎማው ትንሽ ተንሸራቶ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት አይችልም። መኪናው ይታነቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ ጥርሶቹ ይጎዳሉ።

አሁን የከተማን በረዶ አስቡ። አንዱ መንገድ ነጭ ነው፣ ቀጣዩ ተጠርጎ ደርቋል፣ መታጠፊያው ላይ ደግሞ ውኃው ረግቶ መስታወት ሆኗል። አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስቱም ይፈራረቃሉ። እጀታ እየጎተቱ ማስገባትና ማውጣት አይቻልም። ለዚህ ሌላ ዓይነት መኪና ያስፈልግ ነበር።

4. የበረዶ ልጆች፦ ሱባሩና አውዲ

በሰሜን ጃፓን የቶሆኩ መብራት ኃይል ሠራተኞች በበረዶ ወቅት ተራራ እየወጡ መስመር ይጠግኑ ነበር። የሚነዱት የጂፕ ዓይነት መኪና ይሄዳል፣ ነገር ግን ይበርዳል፣ ያንገጫግጫል። «እንደ ቤት መኪና የሚሞቅ፣ በረዶ ላይ ደግሞ እንደ ጂፕ የሚሄድ» መኪና ጠየቁ። የሚያጊ ግዛት የሱባሩ ሻጭ አንዲት ተራ መኪና ወስዶ የኋላ ጎማዎቿንም እንዲጎትቱ አድርጎ ቀየራት። ከዚያ ሙከራ ተነስቶ ሱባሩ በ1972 ሊዮኔ የምትባለውን ባለ አራት ጎማ ጎታች መኪና ለገበያ አወጣ።

አውሮፓም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። በ1976 መጨረሻና በ1977 መጀመሪያ አውዲ ፊንላንድ በረዶ ላይ አዳዲስ መኪናዎቹን ሲፈትን አንድ ኢልቲስ የሚባል የጦር መኪና አብሮ ነበር። ጉልበቱ 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ግን በረዶው ላይ ጉልበታሞቹን መኪናዎች ጥሏቸው ይሄዳል! ዮርግ ቤንሲንገር የሚባል መሐንዲስ ይህን አይቶ «ይህንን በፈጣን መኪና ላይ ብናደርገውስ?» አለ። በ1980 ጄኔቫ ላይ አውዲ ኳትሮ ቀረበች።

የእነዚህ መኪናዎች መሠረት ሌላ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ የግድ የላቸውም፣ ወፍራም ሻንሲም የላቸውም። የመጀመሪያዎቹ ገና በእጅ የሚገቡ ነበሩ፤ በኋላ ግን ሹፌሩ ምንም ሳይነካ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ወይም እንደ አስፈላጊነቱ ኃይል የሚያገኙበት ሥርዓት ተለመደ። ቀንበሩ መሃል ላይ መታጠፊያ ተበጀለት በሉት።

በመሃል ደግሞ ሁለቱን ቤት ሊያጋቡ የሞከሩ መጡ። በ1970 ሬንጅ ሮቨር በሞላ (ስፕሪንግ) ላይ ተቀምጦ አራቱን ጎማ ሁልጊዜ የሚነዳ ሆነ። በ1977 የሩሲያዋ ላዳ ኒቫ ያለ ሻንሲ ተሠርታ ዝቅተኛ ማርሽም ነበራት፤ የኛ የላዳ ታክሲ ዘመድ ናት። በ1984 ሞዴል ጂፕ ቸሮኪም ሻንሲውን ከአካሉ ጋር አንድ አደረገው። በ1994 የወጣችው ቶዮታ ራቭ4 ደግሞ የቤት መኪናን ከፍ አድርጎ ፎርዊል ማድረግ ምን ያህል ገበያ እንዳለው አሳየች። ዛሬ «ኤስዩቪ» ከምትሏቸው አብዛኞቹ የዚህች ዘመዶች ናቸው። ከውጭ ሲታዩ ላንድክሩዘር ይመስላሉ፤ ከታች ግን የቤት መኪና ናቸው። ይህ ስድብ አይደለም! ለሥራቸው ልክ ናቸው።

5. ሁሉም የሚረሳው ታሪክ፦ ጎማ

አሁን ዋናው ነገር መጣ። እባካችሁ ይህችን ክፍል ዝለሉ እንዳትሉኝ።

ፎርዊል መኪናን ያስነሳል፣ ዳገት ያስወጣል። ለማቆም ግን ምንም አይረዳም። ፍሬን ድሮም በአራቱም ጎማ ነው፤ ፎርዊል ያለውም የሌለውም እኩል ነው። እንዲያውም ከባድ መኪና ሲንሸራተት ይዞ የሚሄደው ክብደት ብዙ ነው። በበረዶ ጊዜ ከመንገድ ወጥተው ጉድጓድ ውስጥ የሚታዩት ትላልቅ መኪናዎች ሹፌሮቻቸው በቀላሉ ስለተነሱ በቀላሉ የሚያቆሙ የመሰላቸው ናቸው።

የሚያቆማችሁ ጎማ ነው። ይህን ቀድመው የተረዱት ፊንላንዶች ናቸው። ዛሬ ኖኪያን የሚባለው ፋብሪካ በ1934 ለጭነት መኪና የበረዶ ጎማ ሠራ፤ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና ሃካፔሊታ የተባለውን አወጣ። ሚስጥሩ ሁለት ነው፦ የጥርሱ አቆራረጥና የጎማው ልስላሴ። ተራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እየደረቀ ይሄዳል፣ መንገዱን መያዝ ያቅተዋል። የበረዶ ጎማ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ጎማ ስትገዙ ጎኑን አንብቡ። «ኤም ፕላስ ኤስ» የሚለው ስለ ጥርሱ ቅርጽ ብቻ ነው የሚናገረው። ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ምልክት ካለ ግን በረዶ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ማለት ነው።

እኛ ልጆች ሆነን የምናውቀው በረዶ ከሰማይ እንደ ጠጠር ወርዶ ቆርቆሮውን አንኳኩቶ በግማሽ ሰዓት የሚቀልጥ ነው። ደጋ ያደጋችሁ ውርጭና አመዳይም ታውቃላችሁ። እናንተ ያላችሁበት በረዶ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። በማርች 2003 ዴንቨር ላይ በሦስት ቀን ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርዷል። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩ አንድ እንዳይመስላችሁ።

6. ኮሎራዶን እንደ ምሳሌ

ብዙዎቻችሁ ዴንቨርና አውሮራ ስላላችሁ በእናንተው አገር ላስረዳ። እነዚያ ቅዳሜና እሑድ የምትሄዱባቸው የተራራ ጥርጊያዎች፣ ዩሬይና ሲልቨርተን አካባቢ ያሉት፣ ብዙዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለወርቅና ለብር ማዕድን የተቆረጡ የበቅሎና የጋሪ መንገዶች ናቸው። ኦቶ ሚርስ የሚባል ሰው በዚያ ተራራ ውስጥ መንገድ እየሠራ ቀረጥ ያስከፍል ነበር። መንገዱ የተለካው ለበቅሎ ስለሆነ ነው ዛሬም ጠባብ፣ ድንጋያማና ገደላማ የሆነው። ኢሞጂን የሚባለው መተላለፊያ 4,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። እዚያ ላይ የጂፕ ቤት ልጅ፣ ከፍታና ዝቅተኛ ማርሽ ያለው፣ የግድ ነው።

ግን አስተውሉ፦ እነዚያ ከፍተኛ መንገዶች በበረዶ ወቅት ዝግ ናቸው። የሚከፈቱት በጋው መሃል ላይ ነው። ስለዚህ «ለበረዶም ለተራራም» ስትሉ የምታወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ወራት፣ ስለ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። የበረዶው ወር የምትነዱት በአስፋልት ነው፤ ለምሳሌ በአይ 70 አውራ ጎዳና፣ 3,400 ሜትር ላይ ባለው የአይዘንሃወር ዋሻ በኩል። እዚያ ደግሞ ሕግ አለ፦ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን ባለው መስመር ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ፎርዊል መኪና እንኳ ቢሆን የጎማው ጥርስ ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ሙልጭ ባለ ጎማ ፎርዊል ነኝ ማለት አያስጥልም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ ጻፈችልኝ። ነርስ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፤ መንገድ ጠራጊው ሳይወጣ በፊት ነው ወደ ቤቷ የምትመለሰው። ትልቅ ያገለገለ ባለ ሻንሲ መኪና በብድር ልትገዛ ነበር። አገር ቤት ያለ ወንድሟም «ላንድክሩዘር ግዢና ፎቶ ላኪልን» ብሏታል። እኛ አገር «ቪ ኤይት» ማለት ወንበርና ሥልጣን ማለት ስለሆነ አልፈርድበትም። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፦ «በዓመት ስንት ቀን ከአስፋልት ትወጫለሽ?» «ሁለት ቀን፣ እሱም ከጓደኞቼ ጋር» አለች። «ለ363ቱ ቀን ግዢ» አልኳት። አነስ ያለች አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ገዛች፣ በተረፋት ብር አራት የበረዶ ጎማ አስገባች። ለእናቷ የምትልከውም ሳይቋረጥ ቀጠለ። ሌላው ተማሪዬ ደግሞ በጋውን ሙሉ ድንኳን ይዞ ተራራ ላይ ነው የሚውል የሚያድረው፤ እሱ ፎርራነር ሲገዛ «እሰይ» ነው ያልኩት። ያን ልጅ ለከተማ የተሠራች መኪና ድንጋይ ላይ ታስቀረዋለች።

7. እንግዲህ ምን እንግዛ?

አጠር ላድርገው።

ድንጋይ፣ ገደልና ወንዝ የምታዘወትሩ ከሆነ የጂፕን ቤት ምረጡ፦ ራንግለር፣ ፎርራነር፣ ላንድክሩዘር። ዝቅተኛ ማርሽ እንዳለው አረጋግጡ። ፎርዊሉ ደረቅ አስፋልት ላይ መግባት የሚችል ዓይነት ነው ወይስ አይደለም ብላችሁ ጠይቁ፤ በአንድ ስም የሚጠራ መኪና እንኳ እንደ ደረጃው ይለያያል።

የምትኖሩት በረዶ ባለበት ከተማ ሆኖ አልፎ አልፎ ኮረኮንች የምትነዱ ከሆነ የሱባሩን ቤት ምረጡ፦ ፎረስተር፣ አውትባክ፣ ፎርዊሉ ራቭ4 እና መሰሎቻቸው። የፎረስተር ከመሬት ከፍታዋ 22 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለመደበኛ ጥርጊያ ይበቃል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ከ2012 ሞዴል ወዲህ ያለውን ፈልጉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ መኪናው ሲንሸራተት ራሱ በየጎማው ፍሬን እየያዘ የሚያስተካክለው መሣሪያ በሁሉም አዲስ የቤት መኪና ላይ ግዴታ ሆኗል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ የጎማውን ብር ከመኪናው ብር ለይታችሁ አስቀምጡ። መኪናውን ገዝታችሁ ለጎማ ካልተረፋችሁ፣ ያ መኪና ከአቅማችሁ በላይ ነው።

የታሪክ መምህር እንደመሆኔ አንድ ነገር ልጨምር። ፎርዊልን የሠሩት ሰዎች አንዳቸውም ለታይታ አልጀመሩትም። ወታደር ከጭቃ ለማውጣት፣ እርሻ ለማረስ፣ የወደቀ የመብራት መስመር ለመጠገን ነው። እናንተም በዚያው መንፈስ ግዙ።

መካኒክ የሆናችሁ፣ በረዶ ላይ ዓመታት የነዳችሁ ወዳጆች፣ የምትጨምሩት ካለ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉ፤ በተለይ ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶና ስዊድን ያላችሁ፣ የናንተ በረዶ ይብሳል ይባላል። አዲስ የሄደ ዘመድ ላለው ሁሉ አካፍሉት። ርቀታችሁን ጠብቃችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ሰላም ግቡ!